«ተገናኝቷል» ይላል፣ ድምፅ ግን የለም፦ የመስሚያ መሣሪያና ስልክ ለምን አይግባቡም?

ስልኩ «ተገናኝቷል» ይላል። ጆሮ ላይ ግን ምንም የለም። ወይም የግራው ይሰማል፣ የቀኙ ዝም ይላል። ወይም ደግሞ እስከ ትናንት ደህና ሲሠራ የነበረው፣ ስልኩ አፕዴት ከተደረገ ወዲህ እምቢ ብሏል። የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው ባለበት ቤት ይህ ቅሬታ እንግዳ አይደለም። ፍርዱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሌላ ይገዛ።»

ይህን ፍርድ ያቀለለው ሌላ ወሬም አለ። በሴፕቴምበር 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤርፖድስ ፕሮ 2 የተባለውን የአፕል ማዳመጫ እንደ መስሚያ መሣሪያ የሚያሠራ ሶፍትዌር ፈቀደ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ አጠረና «ኤርፖድ የመስሚያ መሣሪያ ሆነ» ተባለ። ዋጋው አሜሪካ ውስጥ 249 ዶላር ነበር። በባለሙያ የሚታዘዝ ጥንድ መሣሪያ ግን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። ታዲያ የሚነጫነጨውን አሮጌ መሣሪያ ይዞ መቆየት ምን ያደርጋል?

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። አንደኛው ግንኙነቱ ለምን እንደሚቋረጥ ነው። ሌላው መሣሪያው መለወጥ አለበት ወይ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ሳይመለስ በሁለተኛው ላይ ከተወሰነ፣ አዲሱም በሳምንቱ ያንኑ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው መሣሪያው ውስጥ ሳይሆን በመሣሪያውና በስልኩ መካከል ነውና።

መስሚያና ማዳመጫ

አማርኛችን ራሱ እዚህ ላይ ትንሽ ያምታታል። «የጆሮ ማዳመጫ» ስንል ለሙዚቃ የሚደረገውንም፣ የመስማት ችግር ላለበት ሰው የሚሠራውንም እንጠራበታለን። ሁለቱ ግን ሥራቸው ይለያያል። የመስሚያ መሣሪያ የራሱ ማይክሮፎን አለው። በዙሪያው ያለውን ድምፅ ይቀበላል፣ ያስተካክላል፣ ያጎላል፣ ወደ ጆሮ ይልካል። የሚያጎላውም ሁሉንም ድምፅ እኩል አይደለም። ባለሙያው የሠራውን ኦዲዮግራም፣ ማለትም ሰውየው ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ምን ያህል እንደሚሰማ የሚያሳየውን የምርመራ ውጤት ተከትሎ ነው።

ለዚህ ዋና ሥራ ስልክ አያስፈልግም። ብሉቱዝ ከጊዜ በኋላ የተጨመረ ነገር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነው። የስልኩ ብሉቱዝ ይጥፋና አጠገብ ያለ ሰው መሣሪያውን ያደረጉትን ያናግራቸው። ንግግሩን እንደ ድሮው ከሰሙ መሣሪያው ደህና ነው፣ ችግሩ ግንኙነቱ ላይ ነው። ካልሰሙ ግን ጉዳዩ ከብሉቱዝ ጋር አይገናኝም። ባትሪው አልቆ ይሆናል። ወይም የጆሮ ኩክ የድምፅ ማውጫዋን ትንሽ ማጣሪያ ደፍኗታል።

ይህ ኩክ የሚባለው ነገር ብዙ ስልክ ያለ ኃጢአቱ አስወቅሷል። ስልኩ «ተገናኝቷል» ሲል አልዋሸም። ድምፁ በአየር ተጉዞ መሣሪያው ውስጥ ገብቷል። መውጫው በር ላይ ግን ኩክ ቆሟል። ማጣሪያዋ ከመሣሪያው ጋር በሚመጣው ትንሽ እንጨት መሰል መሣሪያ በአንድ ደቂቃ ትለወጣለች። ዋጋዋም ትንሽ ነው።

አንድ ስም፣ አራት ቋንቋ

ብሉቱዝ ስሙን ያገኘው በ10ኛው ክፍለ ዘመን የዴንማርክን ነገዶች አንድ አደረገ ከሚባለው ከንጉሥ ሃራልድ ቅጽል ነው። ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ አይቢኤም፣ ኢንቴልና ቶሺባ በ1998 እ.ኤ.አ. ሲሰባሰቡ ሐሳባቸውም ያው ነበር፤ ሁሉም ዕቃ በአንድ ቋንቋ ይነጋገር ነው። የመስሚያ መሣሪያ ዓለም ውስጥ ግን የንጉሡ ልጆች ተጣልተዋል።

ምክንያቱ ባትሪ ነው። የመጀመሪያው ብሉቱዝ፣ አሁን «ክላሲክ» የሚባለው፣ የተሠራው ለሞባይልና ለኮምፒውተር ነበር። የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ ደግሞ ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ መሥራት አለበት። ክላሲክ ብሉቱዝ እንዲህ ላለች ባትሪ ሆዳም ሆነ። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ፈለገ።

አፕል ቀድሞ «ሜድ ፎር አይፎን» የተባለ የራሱን መንገድ አወጣ። በ2014 እ.ኤ.አ. ሪሳውንድና ስታርኪ የተባሉ የመስሚያ መሣሪያ አምራቾች በዚህ መንገድ ድምፅን ከአይፎን በቀጥታ የሚቀበሉ መሣሪያዎችን ገበያ ላይ አዋሉ። አንድሮይድ የያዘ ሰው ግን ውጭ ቀረ። ጉግል በ2018 «አሻ» የተባለውን መንገድ ይዞ መጣ። ይህም አንድሮይድ 10 ላይ ገባ። ሌላው የመስሚያ መሣሪያ አምራች ፎናክ በበኩሉ ሁለቱንም አልጠበቀም። በ2017 ክላሲክ ብሉቱዝን በትንሽ ኃይል የሚያሠራ ቺፕ ሠርቶ ከማንኛውም ስልክ ጋር የሚገናኝ መሣሪያ አወጣ፤ አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክም ቢሆን ብሉቱዝ ካለው ይበቃል። በመጨረሻ የብሉቱዝ ማኅበር ራሱ «ኤልኢ ኦዲዮ» የተባለ የጋራ ቋንቋ በ2020 አስተዋውቆ ዝርዝሩን በ2022 ጨረሰ። ይህኛው ኤልሲ3 የሚባል ኮዴክ ይጠቀማል። ኮዴክ ማለት ድምፅን አሳንሶ ጠቅልሎ የሚልክና ማዶ ላይ የሚፈታ ዘዴ ነው። ኤልሲ3 በትንሽ ኃይል ጥሩ ድምፅ ያደርሳል። ግራና ቀኙንም ለየብቻ፣ ግን እኩል ሰዓት ይልካል።

ይህን ሁሉ ታሪክ ማወቅ ለምን ይጠቅማል? አብዛኛው «ብልሽት» ከዚህ ስለሚመነጭ ነው። ለአይፎን ብቻ የተሠራ መሣሪያ ከአንድሮይድ ጋር ሲጣመር የሚያሳየው ጠባይ ያሳስታል። የኩባንያው አፕ ይከፈታል። ድምፅ መጨመርና መቀነስ ይቻላል። የባትሪው መጠን ይታያል። የስልክ ጥሪው ድምፅ ግን ወደ ጆሮ አይመጣም። አፑ የሚያዝበት ሽቦ አልባ መስመርና ድምፅ የሚፈስበት መስመር የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሁሉም ስልክ ላይ አለ። ሁለተኛው የለም። ተጠቃሚው ግን «ግማሹ ይሠራል፣ ግማሹ ተበላሽቷል» ብሎ ያስባል።

አንድሮይድ ውስጥም ቢሆን ስም አይበቃም። አሻን ስልኩ ላይ ማካተት አለማካተት የስልክ አምራቹ ምርጫ ነው። የጉግል ፒክስልና ብዙ የሳምሰንግ ስልኮች አላቸው። ርካሽ ስልኮች ላይ ላይኖር ይችላል። ኤልኢ ኦዲዮም እንዲሁ ነው። አንድሮይድ 13 ይደግፈዋል፣ ነገር ግን ስልኩ ውስጥ ያለው ቺፕም መቻል አለበት። «ስልኬ አዲስ ነው» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

ጭንቅላት እንደ ግድግዳ

የቋንቋው ጉዳይ ደህና ሆኖም ድምፁ ይቆራረጣል። እዚህ ላይ ጥፋተኛው የራሳችን አካል ነው።

ብሉቱዝ የሚሠራው 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የሬዲዮ ሞገድ አካባቢ ነው። ዋይፋይም እዚያው ሰፈር አለ። ማይክሮዌቭ ምድጃም ምግብ የሚያሞቀው በዚሁ ሞገድ ነው፤ ውኃ ያለበት ነገር ይህን ሞገድ ይውጠዋላ። ሰው ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ስልኩ በቀኝ የኋላ ኪስ ከሆነ ወደ ግራ ጆሮ የሚሄደው ሞገድ ወገብን፣ ደረትንና ጭንቅላትን ማለፍ አለበት። ብዙው መንገድ ላይ ይቀራል።

ቤት ውስጥ ሲሆን ግድግዳውና ጣሪያው ያድናሉ። ሞገዱ ከእነሱ ላይ ነጥሮ፣ ዞሮ ይደርሳል። ሜዳ ላይ ሲወጡ ግን የሚነጥርበት የለም። «ቤት ሲሆን ደህና ነው፣ መንገድ ስወጣ ይቆራረጣል» የሚሉ ሰዎች እያጋነኑ አይደለም፤ ምክንያቱ ይህ ነው። መፍትሔውም ገንዘብ አይጠይቅም። ስልኩን ከኋላ ኪስ አውጥቶ ወደ ደረት ኪስ ማምጣት ነው። ነጠላ ለብሰው ስልካቸውን መቀነታቸው ላይ ለሚቋጥሩ እናቶች ደግሞ ቋጠሮውን ወደ ፊት ማዞር ብቻ ሊበቃ ይችላል።

አንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ከስልኩ ጋር የሚነጋገረው አንደኛው ጆሮ ብቻ ነው። እሱ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል። ጆሮ ለጆሮ የሚደረገው ቅብብል ብዙ ጊዜ የሚሠራው በሌላ ዘዴ፣ 10 ሜጋኸርዝ አካባቢ በሚሠራ ማግኔታዊ ኢንዳክሽን ነው። ይህ አካልን ያለችግር ያልፋል። እንዲህ ባለ መሣሪያ ስልኩን ተቀባዩ ባለበት ጎን መያዝ ልዩነት ያመጣል። የትኛው ጎን ተቀባይ እንደሆነ ባለሙያው በኮምፒውተር ያያል፣ ሊለውጠውም ይችላል።

ባትሪውም የራሱ ጣጣ አለው። በአብዛኛው የሚጣሉት ባትሪዎች ዚንክ-ኤር ይባላሉ። ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከአየር ውስጥ ኦክስጅን ወስደው ነው። ለዚህ ነው ጀርባቸው ላይ ትንሽ ተለጣፊ ያለው። ተለጣፊው እንደተላጠ ወዲያው ከመክተት አንድ ሁለት ደቂቃ አየር እንዲያገኙ መተው ይሻላል። ሊያልቅ የተቃረበ ባትሪ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ለተራ ንግግር የሚበቃ ጉልበት ይኖረዋል። ስልክ ሲደወል ግን ብሉቱዙ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል፣ ባትሪው ይወድቃል፣ መስመሩ ይቋረጣል። ጥሪው ሲያልቅ መሣሪያው እንደገና ይነቃል። ውጭ ላየው ሰው «ስልክ ሲደወል ብቻ የሚበላሽ ማሽን» ነው። አዲስ ባትሪ ተከትቶ ይታይ።

ስልኩ የሚያመጣው ጣጣ

አይፎን ላይ የተለመደው ስህተት የሚጣመርበት ቦታ ነው። ሰው ሴቲንግ ገብቶ ብሉቱዝ ውስጥ ይፈልጋል። ለአይፎን የተሠሩት መሣሪያዎች ግን የሚጣመሩት «አክሰሲቢሊቲ» በሚለው ሥር፣ «ሂሪንግ ዲቫይስስ» ውስጥ ነው። ሌላው የተደበቀ ሌባ አይፓድ ነው። በአንድ አካውንት የሚሠሩ አይፎንና አይፓድ መሣሪያውን ይሻማሉ። ሳሎን ውስጥ የልጅ ልጅ ካርቱን ሲከፍት የአያት ጆሮ ውስጥ ዘፈን የሚጀምረው በዚህ ነው። የአይፓዱ ብሉቱዝ ለጊዜው ሲጠፋ ነገሩ ይታወቃል።

አንድሮይድ ላይ ያለው ችግር ከፈቃድ ይጀምራል። ከአንድሮይድ 6 እስከ 11 ባሉት ስልኮች አንድ አፕ በአቅራቢያው ያለ የብሉቱዝ ዕቃ ለመፈለግ የአካባቢ ፈቃድ፣ «ሎኬሽን» የሚባለውን፣ ማግኘት ነበረበት። ከ12 ወዲህ «በአቅራቢያ ያሉ ዕቃዎች» የሚል የራሱ ፈቃድ መጣ። ተጠቃሚው «የት እንዳለሁ ለምን ያውቃል?» ብሎ በጥርጣሬ ከከለከለ አፑ መሣሪያውን ፈጽሞ አያገኘውም። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ውጤቱ ግን ይህ ነው። ብዙ ስልኮች ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከበስተጀርባ የሚሠሩ አፖችን ይዘጋሉ። የመስሚያው አፕ ከዚህ ቁጠባ ነፃ ካልተደረገ በየሰዓቱ ሊጠፋ ይችላል።

ከዚያ ጥሪና ሙዚቃ አለ። ክላሲክ ብሉቱዝ ሁለቱን በተለያየ መንገድ ይልካል። ሙዚቃው ጥራት ባለው አንድ አቅጣጫ መስመር ይሄዳል። ጥሪ ሲመጣ ማይክሮፎን ስለሚያስፈልግ ሁለት አቅጣጫ ወዳለው፣ ጥራቱ ወደሚያንስ መስመር ይቀየራል። ስለዚህ ዘፈን ጥሩ ሆኖ ጥሪ ቢደፈርስ ብልሽት አይደለም። «እኔ እሰማዋለሁ፣ እሱ ግን አይሰማኝም» የሚለውም መልስ አለው። ክላሲክ የሚጠቀሙት በመሣሪያው ማይክሮፎን ድምፅዎን ይልካሉ። የቀድሞዎቹ የአይፎን መሣሪያዎች ግን የሚያስተላልፉት በስልኩ ማይክሮፎን ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ ከሆነ ማዶ ያለው ሰው የሚሰማው የጨርቅ ኮሽታ ነው።

አፕዴት የሚያመጣው መቋረጥ ከሁሉ ያበሳጫል። ትናንት የነበረ ዛሬ የለም። እዚህ ላይ ሁለት ሶፍትዌሮች አሉ። አንደኛው የስልኩ ነው። ሌላው ፈርምዌር ይባላል፣ መሣሪያው ውስጥ የተቀመጠ የራሱ ፕሮግራም ነው። ስልኩ ሲታደስ ፈርምዌሩ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል። የድሮው የጥምረት መዝገብም ከአዲሱ ጋር ላይስማማ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥምረቱን አፍርሶ እንደገና መመሥረት ይፈታዋል።

ከመለወጡ በፊት የሚሞከረው

ማፍረሱ ግን ሙሉ መሆን አለበት። ሰው ብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ «ፎርጌት» ብሎ ይተዋል። መሣሪያው በአክሰሲቢሊቲ ሥርም፣ በአፑ ውስጥም ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም ቦታ ይጥፋ። ስልኩ ጠፍቶ ይብራ። የመሣሪያው ባትሪ በር ተከፍቶ ይዘጋ፤ ቻርጅ የሚደረግ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ገብቶ ይውጣ። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ለጉዳዩ ማስዋቢያ የተጨመረ አይደለም። ብዙ መሣሪያዎች ለማጣመር ዝግጁ የሚሆኑት ከበሩበት ቅጽበት ጀምሮ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ቢፈልጋቸውም አይመልሱም።

ከሁሉ የሚያስተምረው ሙከራ በሌላ ስልክ ማየት ነው። የዚያው ዓይነት፣ የዚያው ቋንቋ ተናጋሪ ስልክ መሆን አለበት። በሌላው ስልክ ደህና ከሠራ መሣሪያው ነፃ ወጣ። ሁለቱም ላይ ካልሠራ ወደ ባለሙያ የሚወስድ በቂ ምክንያት ተገኘ።

አንድ ጎን ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ስልኩን ወደ ተቃራኒው ኪስ ማዛወር ነው። ችግሩ ከስልኩ ጋር ጎን ከቀየረ ጥፋቱ የአካል መከለል ነው። ስልኩ የትም ይሁን ያው ጎን ከሆነ የሚቆራረጠው መሣሪያው ላይ ይጠረጠራል፤ እርጥበት ገብቶ ይሆናል፣ የባትሪው መገናኛ ዝጎ ይሆናል። ላብ ለእነዚህ ዕቃዎች ጠላት ነው። ማታ ማታ ማድረቂያ ባለበት ክዳናም ዕቃ ውስጥ ማሳደር ዕድሜያቸውን ያረዝማል። ሩዝ ውስጥ መቅበር ግን አይመከርም፤ ዱቄቱ ማይክሮፎኑን ይደፍናል።

መቼ ይለወጥ?

እዚህ ላይ ሐሳቦች ይለያያሉ። አንዳንድ የመስማት ባለሙያዎች ብሉቱዝ ተጨማሪ ነገር ነው ይላሉ። መሣሪያው ንግግርን በደንብ እስካሰማ ድረስ በስልክ ምክንያት መለወጥ ብክነት ነው ባዮች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ለመስማት ችግራቸው ድጋፍ እንደሚያስፈልጋቸው ገልጿል። ብዙዎቹ መሣሪያ አይተው አያውቁም። በዚህ ሚዛን ሲታይ የብሉቱዝ ክርክር ቅንጦት ይመስላል።

ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ልጆቻቸው ሁሉ ውጭ የሆኑ እናትን እናስብ። የቀናቸው ትልቁ ንግግር በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም ጥሪ ነው። ለእሳቸው የስልክ ድምፅ ጆሮ ውስጥ በቀጥታ መግባቱ ተጨማሪ ነገር አይደለም። የመሣሪያው ግማሽ ጥቅም እሱ ነው።

ሦስተኛው ወገን ኩባንያዎቹን ይከሳል። ደህና የሚሠራ ማጉያ፣ ስልኩ ስለተቀየረ ብቻ አሮጌ ይባላል። ክሱ እውነት አለበት። ኩባንያዎቹም የሚሉት አላቸው፤ ድሮ የተሸጠ ቺፕ አዲስ ቋንቋ በሶፍትዌር ብቻ ሊማር አይችልም። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ገበያውን የሚቀይረው የጋራ ደረጃ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በኦክቶበር 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ፣ የሽግግር ጊዜ ሰጥቶ፣ እዚያ የሚቀርቡ የሞባይል ሞዴሎች ሁሉ ከመስሚያ መሣሪያ ጋር እንዲስማሙ አዝዟል። ከእነሱም ቢያንስ 15 በመቶው የማንም የግል ንብረት ባልሆነ የብሉቱዝ ደረጃ መገናኘት አለባቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ታዲያ በምን ይወሰን? ዕድሜው አንድ ነገር ነው። የመስሚያ መሣሪያ በአማካይ 5 ዓመት ገደማ ያገለግላል ይባላል፤ በጥንቃቄ የተያዘ ከዚያም ያልፋል። ከዕድሜው ይልቅ ግን ጆሮው ይታይ። የመስማት መጠኑ ከቀነሰና መሣሪያው ከዚህ በላይ ማጉላት ካልቻለ፣ ብሉቱዙ ደህና ቢሆንም መለወጡ ተገቢ ነው። መለዋወጫው ገበያ ላይ ካልተገኘም እንዲሁ። የተበላሸው የስልክ ግንኙነቱ ብቻ ከሆነ ግን ከመሣሪያው በፊት ስልኩን መለወጥ ይታሰብ። ከጥንድ መስሚያ ይልቅ ተስማሚ ስልክ በብዙ እጥፍ ይረክሳል። አንገት ላይ ወይም ልብስ ላይ የሚንጠለጠል አስተላላፊም አለ። ከስልኩ በተራ ብሉቱዝ ይቀበልና መሣሪያው በሚያውቀው መንገድ ይልካል። ተጨማሪ ቻርጅ የሚፈልግ ዕቃ መሆኑ ያሰለቻል፣ ሥራውን ግን ይሠራል።

መግዛት የግድ ከሆነ ኤልኢ ኦዲዮ ያለውን መምረጥ የሚያስኬድ ይመስላል። ከሱ ጋር ኦራካስት የሚባል ነገር ይመጣል። አንድ አስተላላፊ፣ ለምሳሌ በአዳራሽ ወይም በቤተ ክርስቲያን፣ ድምፁን ለብዙ ጆሮ በአንድ ጊዜ ይበትናል። ቴሌኮይል የተባለው የቀድሞው ማግኔታዊ መቀበያ ግን ገና አልሞተም። እንግሊዝን በመሳሰሉ አገሮች ብዙ አዳራሾችና የባንክ መስኮቶች አሁንም ለሱ የሚሆን ሽቦ አላቸው። አውሮፓ የሚኖር ሰው ቴሌኮይል የሌለውን አዲስ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት ሁለት ጊዜ ቢያስብ አይከፋም።

ማን ይከፍላል የሚለው ከአገር አገር ይለያያል። እንግሊዝ ውስጥ የመንግሥቱ ጤና አገልግሎት መሣሪያውን በነፃ በውሰት ይሰጣል፤ ባትሪና ጥገናም አብሮ ነው። በአሜሪካ ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን፣ መደበኛው፣ ለመስሚያ መሣሪያ አይከፍልም። ለዚያ ነው እዚያ የ249 ዶላሩ ወሬ እንዲያ የጮኸው።

ኤርፖድስ ይተካል?

ለኤርፖድስ ፕሮ 2 የተሰጠው የአሜሪካ ፈቃድ የሚለው ወሬው ከሚለው ጠበብ ይላል። የተፈቀደው ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ የመስማት ችግራቸው ከቀላል እስከ መካከለኛ ነው ብለው ለሚያስቡ ሰዎች ነው። በጣም ላነሰ መስማት አይሆንም። ለማስተካከል አይፎን ወይም አይፓድ ያስፈልጋል። አገልግሎቱም በሁሉም አገር አልተከፈተም። የፕሮ 2 ባትሪ በአንድ ቻርጅ 6 ሰዓት ገደማ ነው፤ ጠዋት ከተደረገ ምሳ ሰዓት አካባቢ ያልቃል። የመስሚያ መሣሪያ ደግሞ ከአልጋ እስከ አልጋ ጆሮ ላይ የሚውል ዕቃ ነው።

ቢሆንም ንቆ መተው አይገባም። በስብሰባና በሬስቶራንት ብቻ የሚቸገር፣ አይፎን ያለው ሰው ሊጠቅመው ይችላል። አሜሪካ ከኦክቶበር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጡ መስሚያዎችን የፈቀደችውም ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ለዓመታት ትልቅ መሣሪያ ሲጠቀሙ የቆዩ አባት ግን ብሉቱዙ ስለተቋረጠ ብቻ ወደ ኤርፖድ ቢዛወሩ የስልክ ድምፅ አግኝተው የሰው ድምፅ ሊያጡ ይችላሉ።

ከውጭ የሚላከው

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሁሉ አንድ ተጨማሪ ቋጠሮ አለው። ብዙ መሣሪያ የሚመጣው በሻንጣ ነው። ልጅ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ይገዛል፣ በራሱ አይፎን ይሞክራል፣ ይሠራል፣ ይልካል። አዲስ አበባ ላይ የእናት ስልክ ቴክኖ ወይም ዝቅተኛ ሳምሰንግ ነው። ዝምታ። ስለዚህ መግዣው ላይ ቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ ስልካቸው ቢሆን ይመረጣል። የስልካቸው ሞዴልና የአንድሮይድ ቁጥሩ ተጠይቆ ከኩባንያው የተስማሚ ስልኮች ዝርዝር ጋር ይመሳከር።

ከዚያም የማስተካከሉ ጉዳይ አለ። መሣሪያው የሚስተካከለው በኩባንያው ሶፍትዌር ነው። አንዳንድ ትልልቅ መደብሮች የሚሸጧቸው ሞዴሎች በራሳቸው ሶፍትዌር የተቆለፉ ስለሆኑ ሌላ ቦታ ያለ ባለሙያ ሊከፍታቸው አይችልም። አገር ቤት ያለው ባለሙያ የየትኛውን ኩባንያ ዕቃ እንደሚያስተካክል አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ትልቅ ወጪ ያድናል። የባትሪው ምርጫም እንደ ቦታው ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ቻርጅ የሚደረገው ያስቸግራል፤ ኃይል የሚያጠራቅም ማስቀመጫ ያለው ከሆነ ግን ጥቂት ቀን ይሸፍናል። ዚንክ-ኤር ደግሞ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ በቀላሉ አይገኝም። ከሚልኩት ጋር የዓመት ባትሪ አብሮ ቢላክ፣ ማብቂያ ቀኑ ይታይ።

አዲሱ ሲደርስ አሮጌው አይጣልም፤ አዲሱ ጥገና የገባ ቀን ይፈለጋል። ባትሪው ወጥቶ፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ለጎረቤት ማዋስ ግን አይሆንም፤ ለአንዱ ጆሮ የተስተካከለ ድምፅ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። አዲሱ ከመጣመሩ በፊትም የአሮጌው ስም ከስልኩ ዝርዝር ይሰረዝ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት መሣሪያዎች እዚያ ላይ ከተደረደሩ፣ ሰው ማታ መሳቢያ ውስጥ የተኛውን ነክቶ «አዲሱም አይሠራም» ማለቱ አይቀርም።